ሳላ ሳላይ

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ባለ ተሳቢ መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ነው ጠጉሩ የሸበተው። የአዋሽን ሜዳ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠው እሱም አያውቀውም። ግን አንድም ቀን ሳላ አይቶ አያውቅም። ሳላ ያ ሁለት ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የሆነው የአዋሽ አውሬ ነው። ሾፌር ደግሞ የሚያየው አስፋልት ነው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሳላ! ሳላ!" ይላል፤ አባቴ ዞር እስኪል አቧራው ብቻ ይቀራል። ቆሞ እንዳያይ ጭነት አለ፣ ከኋላ የተሰለፈ መኪና አለ፣ ያኔ ደግሞ ጦርነቱም ነበር። ቤት ሲገባ ጫማውን እያወለቀ "ሳላ ሳላይ ላረጅ ነው" ይለን ነበር።

ይህች አነጋገር ቤታችን ውስጥ ተረት ሆና ቀረች። ወጡ ሳይደርሰው ያለቀበት ሰው "ሳላ ሳላይ" ይላል። አውቶቡስ ያመለጠውም "ሳላ ሳላይ" እያለ ይገባል። እኔ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሥራ እድገቱ እኔን ዘሎ ለሌላዋ ሲሰጥ ለአለቃዬ ፊት ለፊት "ሳላ ሳላይ ቀረሁ" ብዬው ወጣሁ። ሰውዬው ምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ስድብ መስሎት ሳምንት አኩርፎኛል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አባቴ ጡረታ ወጣ። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ያኔ ገና ግማሹ የጤፍ ማሳ በነበረ ሰፈር ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። እንግዳ ይደነግጣል፤ እኛ ግን ወሬያችንን ገታ እናደርግና ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። የአባቴ የጡረታ ሥራ አውሮፕላን ማየት ሆነ። ጓሮ ይወጣና እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ "ይኸው ወረደ፤ ይሄ ትልቁ ነው" ይላል። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ዞር ብዬ አየሁት። አውሮፕላኑ በቀኙ በኩል እየወረደ ነው። እሱ ግን ወደ ግራው ዞሮ ባዶ ሰማይ ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል። የያዝኩት አንሶላ ከእጄ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ።

ሞራ ነበር፣ ሁለቱንም ዓይኑን የጋረደው። ሩቁ ሁሉ ጭጋግ ሆኖበታል፤ ቅርቡን ግን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ያያል። የመድኃኒት ጽሑፍ ቢሆን፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቢሆን፣ የእኛንም ፊት ሳይቀር እንዲያ አስጠግቶ ነው የሚለየው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሲያቅፈን ጉንጩን ጉንጫችን ላይ የሚያቆየው ፍቅር ጠንቶበት ይመስለን ነበር። ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ቀላል ነው፣ ከቆየ ግን ይከፋል አለን። አባቴ አሻፈረኝ አለ። አብሮት ይነዳ የነበረ ጓደኛው ዓይኑን አስነክቶ የቀረችውን ብርሃን አጥቷል፤ እሱን እየጠራ ዓይኔን ቢላ አይነካውም አለ። እናቴ ሽማግሌ ላከችበት። ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቶ፣ ስለ አሰብ መንገድ ሲያጫውት ውሎ፣ መርቆ ሸኛቸው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን አስቀመጠና ተናገረ።

"ሳላ ሳላይ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም። ወላሂ አልሰጥም። ሳላ አሳዩኝና ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።"

ሰው የቀለደ ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን፤ አባቴ ወላሂ ብሎ የማለውን ነገር ወደ ኋላ አይልም።

ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ መኪና አለችው። የዓረፋ ሰሞን እኔ ፈቃድ ወሰድኩ፣ እሱ ታክሲዋን ከሥራ አስወጣት፣ እናቴ ለሦስት ቤተሰብ የሚበቃ ስንቅ ቋጠረች። እኔ ደግሞ ካሜራ ነበረኝ። ሞስኮ ተምሮ የመጣ ዘመዳችን የሰጠኝ፣ አንገት የሚያስጎነብስ የሩሲያ ካሜራ ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አባቴ ሩቁን ካላየ፣ ሩቁን በፎቶ አንስቼ አፍንጫው ድረስ አመጣለታለሁ። ሐሳቤን ስነግረው ሳቀ። "ጥሩ ነው፣ አንቺ ፎቶ አንሺ፣ እነሱ ሞራ ያንሱ" አለኝ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጣን። የከተማ ታክሲ ይዞ አገር መጎብኘት ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አያውቅም። ደብረ ዘይት ላይ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን፤ ናዝሬት ላይ ሁለት ጎረምሶች "መናኸሪያ!" እያሉ ተከተሉን። ወንድሜ በልማዱ ፍሬን ይይዛል፣ እናቴ ከኋላ ትከሻውን ትመታዋለች። አባቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። መንገዱን በአካሉ ነው የሚያውቀው። ሞጆ ስንደርስ በቆዳ ፋብሪካው ሽታ ለየው፤ ከናዝሬት በኋላ ያሉትን ኩርባዎች ደግሞ ወንድሜ መሪውን ሳያዞር እሱ አስቀድሞ ዘንበል ይላል። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። ግመል፣ የግራር ዛፍ፣ የሸንኮራ ማሳ። "የግራሩን ተይው፣ እሱን አውቀዋለሁ፤ ከግራሩ ወዲያ ያለውን ንገሪኝ" ይለኛል። አባታችንን አንተ እያልን ነው ያደግነው፤ አንቱታ ለባዕድ ነው ብሎ እሱ ራሱ ከልክሎናል። እናም "ከግራሩ ወዲያ ያለው ሌላ ግራር ነው፣ ምን ላድርግህ" አልኩት። ደስ ብሎት ሳቀ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ፊልሟ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ናት፤ ለሳላ ነው የማስቀምጣት። እናቴ ዘንድ ግን አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ሰው የሌለበት ፎቶ ፎቶ አይደለም። መተሐራ ላይ ሐይቁ ከጥቁር ድንጋዩ መሃል ብልጭ ሲል መኪናውን አስቁሜ ካሜራዬን ደገንኩ። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች መጥታ ሐይቁ ፊት ቆመች። እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ለፓስፖርት እንደሚነሳ ሰው ነው የምትቆመው። እባክሽ ዘወር በይልኝ፣ ሐይቁን ነው የማነሳው ብዬ ለመንኳት።

"ሐይቁን ብቻ አንስተሽ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው፣ እንግዳ መጥቶ ይሄ ማነው ሲለኝ ምን ልመልስ?" አለችኝ።

ምን ይመለስለታል? አነሳኋት። የፈንታሌ ተራራ በእናቴ ትከሻ ላይ ተነሳ። የአዋሽ ፏፏቴ በእናቴ ጆሮ በኩል ወረደ። አሸዋ ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ አዞ ሳይ እዚህ እንኳ አትቆምም ብዬ ተደሰትኩ፤ ከገደሉ አፋፍ ሆና ቁልቁል ወደ አዞው በጣቷ እያመለከተች ተነሳች። ጨጓራዬን ላጠችው። ደግነቱ ዝንጀሮ ተበቀለልኝ፤ ፏፏቴው አጠገብ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከኋላዋ መጥቶ ዳቦዋን ከነፌስታሉ መንትፎ ዛፍ ላይ ወጣ። እሱን ለማንሳት ስዞር ደግሞ ሳቅ እጄን አንቀጠቀጠው፤ ዝንጀሮው የለም፣ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የወጣው። አባቴ ሲነገረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና ዳቦው ይሁንለት አልኩ።

አዋሽ ከተማ አድረን በማግስቱ ማለዳ ፏፏቴው ወዳለበት ፓርክ ተመለስን። በር ላይ ያለው ጥበቃ ከመኪና እንዳትወርዱ ብሎ አስጠነቀቀን። ሜዳው ሣሩ ቢጫ ሆኖ ተንጣሏል። ከርከሮ ጅራቷን አቁማ ልጆቿን አስከትላ አለፈች፤ ሰጎን ከሩቅ ታየች። ሳላ የለም። ወንድሜ በዝግታ ይነዳል፣ እኔ ዓይኔ እስኪቀላ ሜዳውን አስሳለሁ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች። ከሞቀ በኋላ አውሬ ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደሚገባ ሰምቻለሁና ልቤ መጨነቅ ጀመረ። ሳላ ካልታየ መሐላው እንደጸና ነው፤ መሐላው ከጸና ዓይኑ እዚያው ሊጨልም ነው። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች።

አባቴ በድንገት አቁም አለው ወንድሜን። ጥበቃው አትውረዱ ብሏል አልነው። "ዕድሜዬን ሙሉ በመኪና ሆኜ ነው ያለፍኳቸው። ከመጡ መሬት ረግጬ ልጠብቃቸው" አለና በሩን ከፍቶ ወረደ። ምን ይደረጋል፣ ሁላችንም ተከትለን ወረድን። እሱ ጥቂት ራመድ ብሎ ሣሩ መሃል ቆመና ወደ እኛ ዞረ። የሆነ ነገር ሊነግረን አፉን ሲከፍት ከበስተኋላው ካለው ቁጥቋጦ ሳላዎቹ ወጡ።

ተከታትለው ነው የወጡት። ቀንዳቸው ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሠርግ ቤት እንደሚገቡ ሽማግሌዎች። እንዴት ያምራሉ! ካሜራዬን አንስቼ ሰው የሌለበትን፣ ሳላ ብቻ ያለበትን ፎቶ አከታትዬ አነሳሁ። ማንም ቃል አልተነፈሰም።

"መጡ?" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

"መጡ" አልኩት።

እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደና ዞረ። ወደ ፈንታሌ ተራራ ነው የዞረው። ሳላዎቹ ከጀርባው ቀርተዋል። ከኋላህ ናቸው ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። "ማሻአላህ" አለ፣ "አየሁ። ቀንዱን አየሁት። አልሐምዱሊላህ።" ፊቱ በራ። ወንድሜ ሊናገር ሲል እናቴ ክንዱን ቆነጠጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አባትሽን ከእነሱ ጋር አንሺው አለችኝ። አነሳሁት። ተራራውን እያየ የሚስቅ ሽማግሌ፣ ከኋላው ሳላዎች። ፊልሟም እዚያው ላይ አለቀች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስለ ሳላ ያወራው እሱ ብቻ ነበር። እኛ "አዎ፣ አዎ" እንላለን።

አየሁ ብሏልና ሐኪም ቤት ቀን አስያዝን። ያ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ማምለጥ ጀመረ። ራሴን አመመኝ አለ። ቀጥሎ ረቡዕ ደግ ቀን አይደለም አለ። ቀጥሎ የጓደኛው ልጅ ሠርግ ተገኘ። ወንድሜ ተናደደ፣ መሐላ አፈረሰ አለ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ለእኛ ብሎ አየሁ አለ እንጂ መሐላው ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነው። አላህ ፊት ሳላ አላየም። የቀረኝ ተስፋ ፎቶዬ ብቻ ነበር። አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ያየዋል፤ ያኔ መሐላው ይፈታል።

ፊልሙን ቦሌ መንገድ ላይ ያለ ፎቶ ቤት ሰጥቼ በቀጠሮዬ ሄድኩ። ፖስታውን እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። እናቴና ሐይቁ። እናቴና ተራራው። እናቴና ፏፏቴው። እናቴ አዞ ስታሳይ። መጨረሻ ላይ አባቴ ጀርባውን ለሳላዎቹ ሰጥቶ ሲስቅ። በቃ። ሳላ ብቻ ያለባቸው የሉም። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችውን ልጅ የቀሩትስ አልኳት።

"ሰው የሌለባቸው ነበሩ፣ እነሱን አላተምናቸውም" አለችኝ በትሕትና። "ሳያስቡት የተነሱ መስሎን ነው እህቴ። ባዶ ሜዳ አትመን ስናስከፍል ሰው ይጣላናል።"

ደሜ ፈላ። እናቴ እዚህ ትሠራለች እንዴ? መንገዱ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ ጮህኩባት። ባዶ ሜዳ አይደለም፣ ሳላ ነው፣ የአባቴ ዓይን ነው አልኳት። ምን እንደምል አልገባትም፣ ግን አልተቆጣችም። ኔጋቲቩን ከፖስታው አውጥታ ወደ መብራት አንስታ አየችና እውነትም ቀንድ አለ፣ ይቅርታ፣ ነገ አትመን እናደርስልሻለን አለችኝ። ነገ እስኪደርስ ማድረግ ያለብኝ አንድ ነገር ነው። ያቺን የአባቴን ፎቶ መደበቅ። እሷን ካየ ወዴት ዞሮ እንደነበር ያያል፤ ዝም ብለን እንደተመለከትነውም ያውቃል። ከፖስታው አውጥቼ የቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

ቤት ስገባ እናቴ ፎቶውስ ብላ ቦርሳዬን ነጠቀችኝ። ፖስታውን ሰጥቼ ላዘናጋት አልኩ። እሷ ግን ሁልጊዜም ቦርሳዬን የጎን ኪሱን ሳትፈትሽ አትመልስም፤ ማስቲካ ትፈልጋለች። አወጣቻት። "ይቺንስ ለምን ለየሻት?" አለችና እኔ ሳልደርስባት ለአባቴ አቀበለችው። እሱ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ተቀምጧል። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ታክሲዋን እያጠበ ነበርና ጨርቁን ይዞ መጣ።

አባቴ ፎቶዋን አፍንጫው ላይ ለጠፋት። ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ አንቀሳቀሳት። መልሶ ከቀኝ ወደ ግራ። አውሮፕላን መጣና ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ እስኪያልፍ ሁላችንም እንደ ልማዳችን ጠበቅን። አልፎ ሄደ፣ እሱ ግን ፎቶዋን ከአፍንጫው አላራቃትም።

"ከኋላዬ ነበሩ" አለ።

"አዎ" አልኩት።

"ይሄ ቀንዱ ነው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"ረጅም ነው ለካ።" ፎቶዋን ጠጋ፣ ራቅ አደረጋት። "እዩማ እንዴት እንደሚያዩኝ። እኔ ሳላ ሳላይ፣ ሳላ እኔን አየኝ" አለና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ብድግ አልኩ። እየሳቀ ነበር። እናቴም ሳቀች፤ እኔ ግን እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ወንድሜ ታዲያ ያን ቀን ለምን አየሁ አልክ ብሎ ጠየቀው። ቁጣው ገና አልወጣለትም ነበር።

"እናንተ ስታዩ ሰማኋችሁ" አለው አባቴ። "ትንፋሻችሁ ቆመ። እናትህ እንኳ ዝም አለች። እናትህ ዝም ያለችበት ነገር ምን ያህል ቢያምር ነው? ያን ሁሉ መንገድ ነድተህ አምጥተኸኝ፣ አላየሁም ብዬ ላሳዝናችሁ?" ፎቶዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። "አሁን ግን አይቻለሁ። ሐኪም ቤቱን ነገ ካልክ ነገ ነው።"

ነገ አልሆነም፤ ወረፋ ነበርና ጥቂት ሳምንት ጠበቀ። ግን አንድም ቀን ራሴን አመመኝ አላለም። ሠርግ ሲጠሩት እንኳ ቀጠሮ አለኝ ይል ነበር። መጀመሪያ አንደኛው ዓይኑ ተሠራ። እኔ ያኔ በማግስቱ ሄጄ ከፎቶ ቤቱ ያመጣኋቸው ሰው የሌለባቸው ሳላዎች አልበም ውስጥ ገብተው ቀሩ፤ ትንንሽ ሆነው፣ ትንሽም ደብዘዝ ብለው። አባቴ አንድ ጊዜ አያቸውና ጥሩ ናቸው አለኝ። እናቴ ግን ያቺን አንዷን ከኪሱ አውጥታ አሳደገቻት፣ መስተዋት አስገባቻትና ከሳሎኑ በር ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻት።

ፋሻው ተፈትቶ ከሐኪም ቤት የመጣ ቀን ወንድሜ ክንዱን ሊይዘው ሲል እጁን ገፋ አደረገው። ሳሎኑ በር ላይ ቆመ። ወደ ግድግዳው አልተጠጋም። እዚያው በሩ ላይ ሆኖ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ሳይጋርድ፣ ቀጥ ብሎ ፎቶዋን አያት። እኛም በሩ ላይ ከኋላው ተኮልኩለን ቆየን።

"ይሄ ሳላውን የከለለው ሽማግሌ ማነው?" አለ።

"ባሌ ነው" አለች እናቴ።